11 ቀጠሮ በአንድ አቡጀዲ ላይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሜ ገበያ አቡጀዲ ገዝቼ መጣሁ፤ ፍሬሙን የገጣጠመልኝ አናጢ ከመሄዱ በፊትም ጨርቁን አብረን ወጥረን በምስማር መታነው። የሚሣልበት ፊቱ 2.80 ሜትር ርዝመትና 1.40 ሜትር ቁመት አለው። ሥራው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር እዚህ እጽፋለሁ፤ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ጊዜ ነውና ሥዕሉ ራሱ የወሰደው ጊዜም መመዝገብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታፔላ የጻፍሁለት አንድ ሱቅ ተሰርቆ፣ በዚያ ሰሞን ሲገባና ሲወጣ ታይቷል ተብዬ ተያዝሁ። ፍርድ ቤት 11 ጊዜ ቀርቤ 11 ጊዜ 14 ቀን ተጨመረብኝ፤ ሲደመር 154 ቀን ነው። በመጨረሻ ክስ ሳይመሠረትብኝ፣ ጥፋተኛ ነህም አይደለህም የሚል ቃል ሳልሰማ፣ መዝገቡ ተዘጋና ወደ ቤትህ ሂድ ተባልሁ። ተፈርዶብኝ ቢሆን ይግባኝ እል ነበር፤ ነጻ ነህ ተብዬ ቢሆን ደግሞ ወረቀቱን ይዤ ሥራ እጠይቅበት ነበር። ሁለቱም የሉኝም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ በልጅነቴ ስለ በቅሎና ስለ ጭብጦ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር፤ ትርጉሙን የተማርሁት ግን እስር ቤት ነው።

ጥቅምት 12 ቀን

ጨርቁን በከሰል መስመር በ12 ሣጥን ከፈልሁት፤ በአግድም 4፣ በቁም 3፣ እያንዳንዱ 70 ሴንቲ ሜትር በ36 ነው። ከግርጌ 32 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ረጅም ጠርዝ ይተርፋል፤ እዚያ የሕጉን አንቀጾች በጉልህ ፊደል ልጽፍ አስቤአለሁ። 11ዱ ሣጥኖች ለ11 ቀጠሮዎች ናቸው፤ 12ኛው ምን እንደሚይዝ ገና አልወሰንሁም።

ታሪክን በሣጥን በሣጥን ከፍሎ መሣል የእኛ የቆየ ልማድ ነው፤ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በ44 ክፍል ተሥሎ ያላየ ጎንደሬ የለም። በዚያ ሥዕል ግን እያንዳንዱ ሣጥን ነገሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ንግሥቲቱ ትነሣለች፣ ትጓዛለች፣ ትደርሳለች፣ ትወልዳለች። በእኔ ሣጥኖች ውስጥ ነገሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። ዳኛው፣ መርማሪው፣ ጠባቂው፣ እኔ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ቤተሰቦች፣ ሁሉም 11 ጊዜ ያው ናቸው። የሚነገረውም ያው ነው፤ የምስክር ቃል መቀበል ይቀረናል፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ፣ በዋስ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋብናል፣ ስለዚህ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን። አንድ ሠዓሊ ወዳጄ «ያንኑ ነገር 11 ጊዜ ሥለህ ማን ቆሞ ያየዋል? በየሣጥኑ አዲስ ነገር ጨምር» አለኝ። አዲስ ነገር ከጨመርሁ ግን ዋሽቻለሁ። የግፉ መልክ ድግግሞሹ ነው፤ ተመልካቹ አራተኛው ሣጥን ላይ ሲደርስ ቢሰለች፣ በአራተኛው ቀጠሮ እኔ የተሰማኝን ጥቂት ተካፈለ ማለት ነው።

ጥቅምት 17 ቀን

የመደቡ ቅብ ተሰነጠቀ። የቆዳ ሙጫውን ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፌ፣ ጠዋት ድስቱን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጬ ሳላፈላው አቀለጥሁት፤ ይህን በትክክል አድርጌአለሁ። ስሕተቱ ያለው ልኩ ላይ ነው። ጨርቁ ጠንክሮ እንዲቆም ስል ሙጫውን አበዛሁት፤ ጄሶውንም በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጌ ቀባሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ከግራ ጥግ ጀምሮ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሙጫ ሲበዛ ቅቡ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ራሱን ይቀድዳል። ሥዕሉን ጠቅልዬ ከቦታ ቦታ ላዞረው ስለምፈልግ፣ እንደዚህ ያለ ግትር መደብ ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም። በርጥብ ጨርቅ አርሼ በሰፊ ቢላዋ ስፍቀው አመሸሁ።

ጥቅምት 26 ቀን

እንደገና ጀመርሁ። በዚህኛው ጊዜ 1 እጅ ሙጫ ለ10 እጅ ውሃ አደረግሁ። ጄሶውን በብዙ ውሃ በጥብጬ፣ ድንጋይ ሆኖ እንዳይጠነክር በየሰዓቱ እያማሰልሁ፣ ለቀናት አስቀምጬ ጉልበቱን አወጣሁት። ከዚያ በኋላ በጣም ስስ አድርጌ 4 ጊዜ ቀባሁ፤ አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላውን አልደረብሁም። ዛሬ ጠርዙን በጣቴ ዙሪያ ጠቅልዬ ፈተሽሁት፤ አልተሰነጠቀም። የእኛ የቀድሞ ሠዓልያን ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ሲያጣብቁ ቅባቸውን ለምን እንዲያ እንዳሳሱት አሁን ገባኝ።

ኅዳር 2 ቀን

የችሎቱን ሥዕል በትልቅ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሣልሁ፤ መስመሩን ተከትዬም ወረቀቱን በመርፌ ነጥብ በነጥብ በሳሁት። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አስደግፌ በከረጢት የታሠረ የከሰል ዱቄት ስመታበት፣ ያው ሥዕል በነጠብጣብ ይታተማል። 11 ሣጥኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ያንን ከረጢት ለ11ኛ ጊዜ ሲያነሣ አለቀስሁ፤ የ154 ቀኑ አሠራር ይኸው ነበርና። ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ማንም አዲስ መስመር አልሣለም፤ የተበሳው ወረቀት ብቻ ነበር የሚነሣው።

ከሣጥን ሣጥን የሚለወጠውን ጊዜ የነካው ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ። በመጀመሪያው ሣጥን ጫማዬ ክር አለው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ የለውም። ጺሜ ያድጋል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከቢጫ ወደ ግራጫ ይሄዳል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች በመጀመሪያ 7 ናቸው፤ በአምስተኛው 4፣ ከስምንተኛው በኋላ አንድ ሰው ብቻ። ዘመዶቼ ከዱኝ ማለቴ አይደለም፤ የቀን ሥራ ያለው ሰው በየ14 ቀኑ ሥራ ፈትቶ ችሎት መዋል አይችልም። የቀረችው እናቴ ናት።

ኅዳር 8 ቀን

12ኛው ሣጥን ምን እንደሚይዝ ተገኘ። ጎረቤታችን ልጇን «በዓይነ ቁራኛ ጠብቂው» ስትል ሰምቼ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። አበዳሪው ዕዳ ካለበት ሰው ጋር አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይነሣል። ያንን ሥርዓት ይመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ጭካኔ ነበረበት። አንድ ነገር ግን ነበረው። ከሳሽም ታስሯልና ከሳሽም ፍርዱ ቶሎ እንዲሰጥ ይፈልጋል፤ መዘግየቱ ሁለቱንም እኩል ይበላቸዋል። በእኔ ጉዳይ የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ እኔ እጅ ላይ ሆኖ ሌላው ጫፍ ማንም እጅ ላይ አልነበረም። መርማሪው 14 ቀን ሲጠይቅ ከእርሱ ዕድሜ የሚቀነስ ቀን የለም።

ስለዚህ ቁራኛውን በመጀመሪያው ሣጥን አደረግሁት፤ ሁለት ሰዎች ነጠላቸው ተቋጥሮ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። የታተመውን ከሰል ሁሉ በዳቦ ልብ አጥፍቼ ቀጠሮዎቹን አንድ አንድ ሣጥን ወደ ፊት ገፋኋቸው። በ11ዱ የችሎት ሣጥኖች ውስጥ የነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ቋጠሮው ግን ማንንም አልያዘም።

ኅዳር 19 ቀን

ቀለም ማዘጋጀት ጀመርሁ። ቀዩና ቢጫው አፈር ነው፤ ፈጭቼ፣ በውሃ አጥርቼ፣ በጨርቅ አጠለልሁት። ሰማያዊውን ዱቄት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጥቁሩን ከእናቴ ምጣድ ሥር ፋቅሁት። ጥላሸት ውሃ አይቀበልም፤ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ አስቸገረኝ፤ ጥቂት የአረቄ ጠብታ ስጨምርበት ግን ወዲያው ረጠበና ተዋሐደ። ሁሉንም ያሠርሁት በዚያው በቀጭኑ ሙጫ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ርጥብ ሳለ የሚታየውና ከደረቀ በኋላ የሚሆነው አንድ አይደለም፤ ሲደርቅ ይነጣል። የፊቱን ቀለም ሦስት ጊዜ አበላሽቼ፣ ከዚያ በኋላ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀብቼና አድርቄ ካላየሁ በቀር ብሩሽ ወደ ሥዕሉ አላስጠጋሁም።

ፊቶቹን በጎንደር አሠራር፣ ማለትም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን እንደ ተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር ሥልት፣ ጉንጭና አንገትን በጥላ እያለሰለስሁ እሠራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለሁለት ሳምንት አልጻፍሁም፤ ምክንያቱ ዓይን ነው።

በአብያተ ክርስቲያናችን ሥዕል ውስጥ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ቅዱሳንና ደጋጎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ አጋንንትና ክፉዎች ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ግድግዳውን ቀና ብሎ አይቶ ማን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እኔም ያለ ብዙ ሐሳብ ራሴን በሁለት ዓይን፣ መርማሪውንና ጠባቂውን በአንድ ዓይን አድርጌ በ4 ሣጥኖች ውስጥ ጨርሻቸው ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት፤ ይህንን አልደብቅም። የመርማሪውን አፍንጫ ሳሾለው እጄ ይሞቅ ነበር።

ትናንት ሥዕል ያስተማሩኝ መሪጌታ ሊጠይቁኝ መጡ። ብዙ ቆመው አዩና «እነዚህን በአንድ ዓይን የሣልሃቸው ፍጻሜያቸውን አውቀህ ነው?» አሉኝ። «የኔታ፣ ያደረጉትን እኮ አውቃለሁ፤ ደረሰብኝ» ብዬ መለስሁ። «ያደረጉትንማ ታውቃለህ። እኔ የጠየቅሁህ ፍጻሜያቸውን ነው። አንድ ዓይን የሚሰጠው ነገሩ አልቆ ለተጻፈ ሰው ነው። አንተ እነዚህን ማን ፊት አቅርበህ ሰማሃቸው?» አሉኝ። ሻዩን እንኳ ሳይጨርሱ ሄዱ።

ዛሬ በማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድሁ። ከጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ባለ ሁለት ዓይን ናቸው፤ ዓይኖቻቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይመለከቱም። ይህንን ደብር የተከሉት፣ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሡት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። እርሳቸው በነገሡበት ዘመን የመሳፍንቱ ልጆች፣ ንጉሥ መሆን ይችላሉ ከሚለው ሥጋት በቀር ሌላ ወንጀል ሳይኖርባቸው፣ ወህኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ንጉሡ ወደ አምባው ሄደው ዘመዶቻቸውን በዓይናቸው እንዳዩ ይተረካል። ዛሬ በመላው አገር እስር ቤትን ወህኒ የምንለው ከዚህ ከእኛው አገር ተራራ ወስደን ነው። ሳይፈረድበት የተቀመጠ ሰው ታሪክ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ሁለት ሰዓት ያህል ጣሪያውን ሳይ ቆይቼ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ አሰብሁ።

ታኅሣሥ 5 ቀን

አንድ ዓይን የነበራቸውን 8 ፊቶች ፋቅሁ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ይሰጠዋል። እኔ የምከስሰው ይህ ነገር በእኔ ላይ አልተጠበቀም ብዬ ነው። ታዲያ ያልተሰሙ ሰዎችን በገዛ ብሩሼ ፈርጄባቸው እንዴት ይህንን ሥዕል በአደባባይ እዘረጋዋለሁ? ይህን ስል ይቅር ብያቸዋለሁ ማለቴ አይደለም። ቁጣዬ አሁንም እንዳለ ነው፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የሰዎቹ አፍንጫ ላይ ሳይሆን በ11ዱ ሣጥኖች ድግግሞሽ ውስጥ ነው። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ፤ የአገሬ ሰው ሥዕሉን ሲያይ አስቀድሞ ባለ አንድ ዓይኑን ይፈልጋል፣ በዚህ ሥዕል ላይ ግን አያገኘውም። ያንን ግራ መጋባት ልተወው።

ታኅሣሥ 20 ቀን

ዳኛው አስቸገሩኝ። ሁለት ዓይን ልሰጣቸው ወሰንሁ፣ ነገር ግን በ11 ቀጠሮ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን አይቼው አላውቅም፤ ከመዝገቡ ቀና ብለው አያውቁም። ስለዚህ ፊታቸውን ሙሉ አድርጌ፣ ሁለቱም የዓይን ቆባቸው ወደ መዝገቡ ወርዶ ሣልሁ። ያየሁት ይህንን ነው፤ ከዚህ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። አሥር ሣጥኖች ተጠናቀዋል፤ ሁለት ይቀራሉ።

ጥር 4 ቀን

ከግርጌ ባለው ጠርዝ ላይ የሕግ አንቀጾችን ልጽፍ አስቤ እንደ ነበር ከላይ አስፍሬአለሁ። በተያዝሁበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 59 አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ያዛል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ልክ አላበጀለትም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜም የግድ አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ እንዲፈቀድ ይደነግጋል። የግድ አስፈላጊ መሆኑን የሚያጣራው ግን «ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ነው። ያ ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥዕል ከሦስት ሣጥን አይበልጥም ነበር። ይህንን ሁሉ በጠርዙ ላይ በከሰል ጻፍሁት፤ አነበብሁት፤ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ። አጠፋሁት።

በጥንቱ ሥዕል ግርጌው የማን ቦታ እንደ ሆነ ዘንግቼው ኖሯል። እዚያ የሚሣለው ሥዕሉን ያሠራው፣ ገንዘብ ያወጣው ሰው ነው፤ ትንሽ ሆኖ፣ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ። የእኔን ሥዕል ያሠራው ማን ነው? ለ154 ቀን ስንቅ ያመላለሰችው እናቴ ናት። ማለዳ ተነሥታ ሹሮዋን ሠርታ፣ አገልግሉን በነጠላዋ ሸፍና፣ በር ላይ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው ፊት ከምግቡ ቀምሳ ታስገባልኝ ነበር። ለዚያ ስትል የእጅ ወርቋን ሸጣለች፤ ይህንን የነገረችኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። 32 ሴንቲ ሜትሩን ጠርዝ ሙሉውን ለእርሷ ሰጠኋት፤ ከግራ ወደ ቀኝ 11 ጊዜ ትሄዳለች፣ አገልግል በእጇ። አልተደፋችም፤ ቆማ ነው የምትሄደው። የችሎቱ ሥዕል በበሳሁት ወረቀት ነበር የታተመው፤ እርሷን ግን እያንዳንዷን ለየብቻ በእጄ ሣልኋት፤ በ11ዱም አረማመዷ አንድ አይደለም።

ጥር 14 ቀን

ጥምቀት ከተማውን ሞልቶት ስለ ነበር ለአራት ቀን ብሩሽ አልነካሁም። ዛሬ በየሣጥኑ አናት ጽሑፉን ጻፍሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግእዝ መግለጫ አለ፤ እኔ በአማርኛ አደረግሁት። «ለ1ኛ ጊዜ 14 ቀን ሲጨመርበት»፣ «ለ2ኛ ጊዜ 14 ቀን ሲጨመርበት» እያለ እስከ 11ኛው ይሄዳል። ጥቁር መስመሩንም ጨረስሁ፤ የእናቴ ምጣድ ጥላሸት ለሥዕሉ ሁሉ በቃ።

ጥር 21 ቀን

ሥዕሉን ገና ሳልጠቀልለው አብሮኝ ታስሮ የነበረ አንድ ሰው፣ ዛሬ አዘዞ መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግን፣ እንዲያየው ጠራሁት። እናቴም ቡና አፈላች። ሰውየው ከግራ ጥግ ጀምሮ እያንዳንዱን ሣጥን በጣቱ ሳይነካ እየቆጠረ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ፤ እርሱ 19 ቀጠሮ ነበረበት። ከዚያ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ቆጠረ።

«ደህና ነው፤» አለኝ፤ «ግን የችሎቱን በር በቀኝ አድርገኸዋል። በሩ በግራ ነበር። እኛ ስንገባ እናቶች በቀኝ በኩል ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ለማየት አንገታችንን የምናዞረው ወደዚያ ነው። አንተ ወደ ግራ ዞረህ ቆመሃል።»

እናቴ ስኒውን እያቀረበች «ልክ ነው ልጄ፤ እኔ በቀኝ ነበርሁ» አለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ክፍሉን አስታወስሁት፤ እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን ስበሳ አንድ ጊዜ ተሳስቼ 11 ጊዜ አትሜዋለሁ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ሙጫውን ዘፈዘፍሁ። ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው የችሎት ሣጥን እጀምራለሁ፤ በሩን ወደ ግራ፣ አንገቴን ወደ ቀኝ፣ 11 ጊዜ፣ በዚህኛው ጊዜ ያለ ወረቀት።